ደረሰኙ የሌላ ሰው ዕቃ ይዞ ይወጣል! ፒኤችፒ ላይ አሬይን (ዝርዝር መያዣውን) ባዶ አድርጎ ማስጀመር ግዴታ ነው?

ደቻቱ_ማዶ | ሰኞ፣ ማታ 3:10

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ሁለት ሌሊት ያላስተኛኝ ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

ሳቢያን አካባቢ ላለ አንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር የትእዛዝ ሲስተም ሠርቼላቸዋለሁ። የጻፍኩት በፒኤችፒ 8.2 የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል። ቀን ላይ ትእዛዝ ይመዘግባሉ። ማታ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የቀኑ ትእዛዝ በሙሉ የማስረከቢያ ደረሰኝ ሆኖ በአንዴ ይታተማል። ሾፌሩ ጠዋት በዚያ ይጭናል።

ሥራ ከጀመረ አምስት ሳምንት ሆኖታል። አንድም ቅሬታ አልነበረም። ቅዳሜ ግን አንድ የሐረር ደንበኛ ያዘዙት 40 ኩንታል ሲሚንቶና 12 ፌሮ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ደረሰኛቸው ላይ ከሁለቱ ሥር ሚስማር፣ ማጠፊያና ሦስት ጋሎን ቀለም ተጽፏል። ጫኞቹ ደረሰኙን አይተው ጫኑ። ኢሱዙው ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ገባ። ሰውየው ቅን ሰው ናቸው፤ «ይሄ የኔ አይደለም» ብለው መለሱት። ሌሎች ሦስት ደረሰኞችም እንዲሁ ተበላሽተው ነበር፣ ግን ሳይጫኑ ደረስንባቸው። የመደብሩ ባለቤት አልተቆጡኝም። ደረሰኙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ። ከቁጣ በላይ ከበደኝ።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። የዚያን ማታ 19 ደረሰኝ ታትሟል፤ 15ቱ ፍጹም ልክ ናቸው። ዳታቤዙን አገላብጬ አየሁት፣ ንጹህ ነው። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ለየብቻ ሳትማቸው ሁሉም ትክክል ይወጣሉ። የስህተት ማሳያውን እስከ ጥግ ከፍቼዋለሁ፤ አንድ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) እንኳ የለም። ከየት ልጀምር?

ሸዋ_በር | ሰኞ፣ ማታ 3:42

አይዞሽ እህቴ። ዕቃው ተመልሷል፣ ዋናው እሱ ነው።

ሁለት ነገር ንገሪን። የተበላሹት አራቱ ደረሰኞች በህትመት ተራቸው ስንተኛ ናቸው? ትርፍ ሆኖ የመጣው ዕቃስ የማን ነው፣ የአንድ ሰው ትእዛዝ ነው ወይስ ከብዙ ሰው የተቃረመ? ሉፑንም (ትእዛዞቹን አንድ በአንድ የሚያዞረውን ኮድ) ለጥፊው። ሙሉ ኮዱ አያስፈልግም።

ደቻቱ_ማዶ | ሰኞ፣ ማታ 4:05

ቆጠርኳቸው። ከ16ኛው እስከ 19ኛው ናቸው፣ ተከታትለው! ትርፉ ዕቃ ደግሞ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ነው፤ ከ15ኛው ትእዛዝ የመጣ። 15ኛው አምስት ዓይነት ዕቃ ያዘዘ ደንበኛ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እስካለፈው ሳምንት መደብሩ በሲስተሙ የሚሸጠው ሲሚንቶና ፌሮ ብቻ ነበር። ፎርሙ ሁለት መስመር ነው፤ ያልታዘዘው ላይ ዜሮ ይጻፋል። ሚስማር፣ ማጠፊያና ቀለም የጨመርኩላቸው ዓርብ ዕለት ነው።

ሉፑ ይሄውላችሁ። የፒኤችፒውን ቁልፍ ቃላት በአማርኛ ተክቻቸዋለሁ፣ አካሄዱ ግን ያው ነው።

    ለእያንዳንዱ ($ትእዛዞች) $ትእዛዝ {
        ለእያንዳንዱ ($ትእዛዝ['መስመሮች']) $መስመር {
            $ዕቃዎች[$መስመር['ተራ']] = $መስመር['ስም'];
        }
        አትም($ትእዛዝ['ደንበኛ'], $ዕቃዎች);
    }

ሸዋ_በር | ሰኞ፣ ማታ 4:31

አገኘነው።

$ዕቃዎች የሚለውን አሬይ ፈልጊው። የት ነው የተጀመረው? የትም። ገና ስሙ ሲጠራ በቀጥታ ዕቃ እየተጨመረበት ነው። ፒኤችፒ እንዲህ ስታደርጊ አይከለክልሽም። «ይሄ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) የለም» ብሎ አያስጠነቅቅሽም። ዝም ብሎ አዲስ አሬይ ፈጥሮ ዕቃውን ያስቀምጥልሻል። ዋርኒንግ ያጣሽው ለዚህ ነው። ያልነበረ ቫሪያብል *ስታነቢ* ያስጠነቅቃል፤ ያልነበረ አሬይ ላይ *ስትጨምሪ* ግን አይናገርም።

ይሄ የመጀመሪያው ትእዛዝ ላይ ምንም አይጎዳም። ችግሩ ሁለተኛው ላይ ነው። ሉፑ ሲዞር አሬዩ አይጠፋም። ፒኤችፒ ውስጥ የሉፕ ቅንፍ ለቫሪያብል ድንበር አይሆነውም፤ ድንበር የሚሆነው ፋንክሽን (በስም የሚጠራ የኮድ ክፍል) ነው። ስለዚህ $ዕቃዎች ያለፈውን ትእዛዝ እንደተሸከመ ወደ ቀጣዩ ይገባል። ኢሱዙው ሳይራገፍ በላዩ ላይ እንደ መጫን ነው።

አምስት ሳምንት ለምን አልታየም? በተራ ቁጥር ስለምታስቀምጪ። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሁለት መስመር እስከነበረ ድረስ አዲሱ 1 አሮጌውን 1 ይተካዋል፣ አዲሱ 2 አሮጌውን 2። ትርፍ የለም፣ ሁሉም ልክ ይመስላል። ቅዳሜ 15ኛው ትእዛዝ አምስት መስመር ይዞ መጣ። 16ኛው ሁለት መስመር ነው፤ 1ን እና 2ን ተካ። 3፣ 4 እና 5 የሚተካቸው አጥተው ቁጭ አሉ። እስከ 19ኛው ድረስ ማንም አልነካቸውም። ለየብቻ ስታትሚ ልክ የሚሆነውም ለዚሁ ነው፤ ከፊቱ ሌላ ትእዛዝ የለማ።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ከውጭኛው ሉፕ ውስጥ፣ ከውስጠኛው ሉፕ በላይ፦

    $ዕቃዎች = [];

ዛሬ አስተካክለሽ ተኚ።

ደቻቱ_ማዶ | ሰኞ፣ ማታ 4:50

አንተ እግዚአብሔር ይስጥህ! ጨመርኩት፤ የቅዳሜዎቹን 19 ደረሰኞች እንደገና በአንዴ አተምኳቸው። ሁሉም ልክ ናቸው። ሁለት ቀን ዳታቤዙን ስወቅሰው ነበር።

ከዚራ_ኮደር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:20

ችግሩ በመፈታቱ ደስ ብሎኛል። ከርዕሱ ጋር ግን አልስማማም። ግዴታ የሚባለው ይበዛል። ቋንቋው ራሱ አሬዩን የሚፈጥርልን እንድንጠቀምበት ነው። ሁሉም ፋንክሽን ውስጥ አምስት ስድስት መስመር ባዶ አሬይ እየደረደሩ ኮዱን ማንዘላዘል አይታየኝም። ማስጀመር ካለብን ደግሞ ከፋይሉ አናት ላይ ሁሉንም በአንድ ቦታ እንጻፋቸው፣ እንገላገል። እኔ እንደዚያ ነው የምሠራው።

ሸዋ_በር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:05

አቦ፣ እስቲ በእሷ ኮድ ሞክረው። $ዕቃዎችን ከፋይሉ አናት ላይ ባዶ አድርገህ ጀምር። ከዚያ 15ኛውንና 16ኛውን አትም። ሚስማሩ እዚያው አለ! አንድ ጊዜ ባዶ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ባዶ አላደረገውም።

እኔ ይሄን አጥብቄ የምናገረው በዚሁ ምክንያት ነው። «አሬይን አስጀምር» ሲባል ብዙ ሰው ዋርኒንግ ማጥፊያ ይመስለዋል። ዋናው ነገር *የት* እንደምታስጀምረው ነው። ይሄ ዝርዝር የማን ነው? የአንድ ትእዛዝ ነው። እንግዲያው የአንድ ትእዛዝ ሥራ የሚጀምርበት መስመር ላይ ባዶ ይሁን።

ለገሀር_77 | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:15

ልጆች፣ ስትከራከሩ ማየት ደስ ይላል። እኔም የድሮውን ላካፍላችሁ፤ ነገሩ ስንፍናን ከመከላከል ያለፈ ታሪክ ስላለው።

በፒኤችፒ 4 ዘመን ሬጂስተር ግሎባልስ የሚባል ቅንብር ነበር። በፎርም ወይም በድረ ገጹ አድራሻ የመጣ ስም ሁሉ በራሱ ቫሪያብል ይሆን ነበር። አስቡት እንግዲህ። የተፈቀደላቸውን ሰዎች $የተፈቀዱ በሚል አሬይ ትሰበስባላችሁ፣ ግን ባዶ አድርጋችሁ አልጀመራችሁም። አንዱ ጎብኚ አድራሻው መጨረሻ ላይ ያንኑ ስም ጽፎ ራሱን ይጨምራል። የእናንተ ኮድ ሲደርስ ዝርዝሩ ውስጥ እንግዳ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ያ እንግዳ ተጠርጎ ይወጣ ነበር።

በፈረንጅ 2002 የወጣው 4.2 ቅንብሩን ከመነሻው ዝግ አደረገው። 2012 ላይ የወጣው 5.4 ደግሞ ጨርሶ ነቀለው። አጭሩን የካሬ ቅንፍ አጻጻፍ ያመጣልን ያው 5.4 ነው፤ ከዚያ በፊት «አሬይ» ብለን ክብ ቅንፍ እንከፍት ነበር።

ቅንብሩ ሞተ፣ ጠባዩ ግን በሌላ በር ገብቶ አለ። በኢንክሉድ ወደ ሌላ ፋይል የምታስገቡት ፋይል በገባበት ቦታ ያሉትን ቫሪያብሎች በሙሉ ይወርሳል። እዚህ ከተማ ውስጥ ለአንድ ቢሮ ሪፖርት ስሠራ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የገጹን ራስጌ የሚያወጣው ፋይል የሜኑውን ስሞች $ዝርዝር ላይ ይሰበስባል። እኔ ደግሞ ከታች የሪፖርቱን ረድፎች $ዝርዝር ላይ መጨመር ጀመርኩ፣ ባዶ ሳላደርገው። ሠንጠረዡ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ረድፎች «መነሻ ገጽ»፣ «ስለ እኛ»፣ «አድራሻ» ሆኑ። ራስጌውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም የየራሳችን ፋይል ውስጥ ስህተት አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ስሙ ሌላ ቦታ ይኖር አይኖር አልፈልግም። የኔ ዝርዝር ከሆነ እኔ ባዶ አድርጌ እጀምረዋለሁ።

ከዚራ_ኮደር | ማክሰኞ፣ ቀን 6:40

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የኢንክሉዱን ነገር አላሰብኩትም ነበር። የሸዋ_በርንም ሞከርኩት፤ ልክ ነህ፣ ከአናት ላይ ማስጀመር እሷን አያድናትም ነበር። ይሄን ተቀብያለሁ።

አንድ ነገር ግን ይያዝልኝ። ሰው ከፈራ በኋላ ያለቦታውም ይጽፈዋል። $ውጤት = []; ይልና ቀጣዩ መስመር ላይ $ውጤት = ከዳታቤዝ_አምጣ(); ይላል። የመጀመሪያው መስመር ምንም አልሠራም፤ ወዲያው ተተክቷል። እንዲህ ዓይነቱን ሳይ ነው የሚያናድደኝ።

ለገሀር_77 | ማክሰኞ፣ ቀን 7:02

እሱ ላይ እስማማለሁ ልጄ። በመስጠት ምልክት ሙሉ ዋጋ የሚቀበል ቫሪያብል ተጀምሯል ማለት ነው፣ ሌላ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ቀስ በቀስ የሚሞላው ነው። አንድ በአንድ የምትጨምሩበት፣ የምትደምሩበት፣ ወይም በኢፍ (አንድ ሁኔታ ሲሟላ ብቻ በሚሠራ ኮድ) ውስጥ ብቻ የሚሞላ።

ፈረስ_መጋላ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:30

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሐረር ነኝ። እኔ የሞባይል አፕ ነው የምሠራው፤ ከፒኤችፒ ጋር የምገናኘው በጄሰን (ሰርቨርና አፕ ዳታ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) በኩል ነው። በእኔ በኩል የሚታየውን ልንገራችሁ።

ኢፍ ውስጥ ብቻ የሚሞላ ያሉት ነገር አለ አይደል? አንድ ደንበኛዬ ጋ ሰርቨሩ የዕለቱን ትእዛዞች ይልክልኛል። ትእዛዝ ካለ አሬዩ ይፈጠራል፣ ይመጣል። ወራት በደንብ ሠራ። ሸዋሊድ ሲደርስ ሱቁ ዘጋ፤ ከተማው በሙሉ በዓል ላይ ነው። በዚያ ቀን ትእዛዝ የለም። ሉፑ አንድም ጊዜ አልዞረም። አሬዩም አልተወለደም። ሰርቨሩ ባዶ ዝርዝር ሊልክልኝ ሲገባ ነል (ምንም ዋጋ የሌለው) ላከ። አፑ ዝርዝር እየጠበቀ ነል ሲደርሰው ተዘጋ። ባለሱቁ በበዓሉ መሀል ደወለልኝ።

ለእናንተ ነል እና ባዶ አሬይ ተቀራራቢ ሊመስላችሁ ይችላል። በጄሰን ሲጻፉ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባዶ ዝርዝር «አየሁ፣ የለም» ነው። ነል «አላውቅም» ነው። ለአፑ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። እባካችሁ ሰርቨር የምትጽፉ ሰዎች፣ ዝርዝር ቃል ከገባችሁ ባዶም ቢሆን ዝርዝር ላኩልን።

ሸዋ_በር | ማክሰኞ፣ ማታ 1:55

ማሻአላህ፣ ይሄ ወርቅ ነው። ልክ እንዳልከው ዜሮ ጊዜ የሚዞር ሉፕን ማንም አይሞክረውም። ፈተና ላይ ሁሌ ዳታ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒኤችፒ 7 ከመጣ ጀምሮ ፋንክሽኑ የሚመልሰው አሬይ መሆኑን ከፊርማው (ከፋንክሽኑ የመጀመሪያ መግለጫ መስመር) ላይ መጻፍ ይቻላል። እንደዚያ ብትጽፉ ነል ሲመለስ አፑ ጋ ሳይደርስ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ይጮኻል። ስልክ የሚደውለው ባለሱቁ ሳይሆን ሎጉ (የሰርቨሩ የስህተት መዝገብ) ይሆናል።

አዲስ_ተማሪ_ድሬ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ታላላቆቼ። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ፤ አንድ ጥያቄ አለኝ።

እኔ ሁሌም አስጀምራለሁ። ግን የማስጀምረው በባዶ ጥቅስ ነው፦

    $ስሞች = '';
    $ስሞች[] = 'ከድር';

ይሄን ከአንድ የቆየ ትምህርት ላይ ነው የወሰድኩት። እሱ ላይ ይሠራል ይላል። እኔ ላፕቶፕ ላይ ግን ፕሮግራሙ ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። ማስጀመር ጥሩ ከሆነ ለምን እምቢ አለኝ?

ለገሀር_77 | ማክሰኞ፣ ማታ 3:15

ጥያቄህ ጥሩ ነው ልጄ። ትምህርቱ አልዋሸህም፣ አርጅቶ ነው።

ባዶ ጥቅስ ጽሑፍ ነው፤ ቃል የሌለበት ጽሑፍ። አሬይ አይደለም። ድሮ ፒኤችፒ ባዶ ጽሑፍ ላይ በካሬ ቅንፍ ስትጨምር «አሬይ ሊል ፈልጎ ነው» ብሎ በዝምታ ይቀይርልህ ነበር። ከ7.1 ጀምሮ ይሄን ተወ። አሁን ጽሑፍ ላይ መጨመር አይቻልም ብሎ ያቆምሃል። ያቆመህ ለበጎ ነው።

ስለዚህ የምታስጀምርበት ዋጋ ዓይነቱም ልክ ይሁን። ዝርዝር ከሆነ []፣ ድምር ከሆነ 0፣ ጽሑፍ ከሆነ ያ ባዶ ጥቅስህ። ፎልስ (ሐሰት) ብለው የሚጀምሩም አሉ። 8.1 ፎልስን ወደ አሬይ መቀየር ጊዜው ያለፈበት ነው ብሎ ማስጠንቀቅ ጀምሯል። ነል ላይ መጨመር እስካሁን ይፈቀዳል፣ እኔ ግን አልመክርህም። ነል የያዘውን ካውንት ልታደርገው (ልትቆጥረው) ብትሞክር በ8.0 ፕሮግራሙ ስህተት ይወረውራል። 7.2 ላይ ዋርኒንግ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ዜሮ ብሎ ዝም።

አካሄዱን አየኸው? ቋንቋው በየስሪቱ ዝምታውን እየቀነሰ ነው። በዝምታው ላይ የተሠራ ኮድ ሰርቨር በተቀየረ ቁጥር ይሰበራል።

አዲስ_ተማሪ_ድሬ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:22

ገባኝ ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሌላም ልጠይቅ። የቫሪያብል ስም በአማርኛ የጻፋችሁት ለማስረዳት ነው ወይስ እውነት ይሠራል?

ደቻቱ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:30

እውነት ይሠራል። ፒኤችፒ ከዶላር ምልክቱ ቀጥሎ የኛን ፊደል ይቀበላል። ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 አስቀምጠህ ሞክረው። እኔ ለመደብሩ ኮድ ላይ አልጠቀምበትም፣ ነገ ሌላ ሰው ሊረከበኝ ይችላል። ለማስረዳት ግን ደስ ይላል።

ከዚራ_ኮደር | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:50

ትናንት ማታ የራሴን ኮድ ሳገላብጥ አደርኩ። ለጥፌው ይጥቀማችሁ።

ለአንድ ነጋዴ የየወሩን ሽያጭ የሚያሳይ ሪፖርት ሠርቼ ነበር፣ በኛ አቆጣጠር። ከዳታቤዝ የመጣውን ሽያጭ በወር ቁጥር እደምራለሁ። አሬዩን አላስጀመርኩትም። አንድ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ «ቁልፉ የለም» የሚል መልእክት ይወጣ ነበር። በ7 ኖቲስ (ቀለል ያለ ማሳሰቢያ) ነበር፤ 8 ላይ ዋርኒንግ ሆነ። እኔ መልእክቱ እንዳይታይ ዘጋሁት። ቁጥሩ ልክ ስለሆነ ግድ አልሰጠኝም።

አሁን በሸዋ_በር ዓይን ሳየው ሁለት ችግር አገኘሁ። ሽያጭ የሌለበት ወር ከሠንጠረዡ ጨርሶ ይጠፋል። ጳጉሜን ላይ ሱቁ ተዘግቶ ከነበረ ዓመቱ 12 ወር ይሆናል! ሁለተኛ፣ ፒኤችፒ የአሬይ ቁልፎችን የሚያስቀምጠው በገቡበት ቅደም ተከተል ነው። ከዳታቤዝ መጀመሪያ የመጣው የታኅሣሥ ሽያጭ ከሆነ ሠንጠረዡ ከታኅሣሥ ይጀምራል። ነጋዴው «መስከረም ለምን መሀል ገባ» ብሎኝ ያውቃል። ያኔ በሌላ ዘዴ ደረደርኩለት፤ ሥሩን ግን አላየሁትም ነበር።

አሁን አሬይ ፊል በሚባለው ፋንክሽን ከ1 ጀምሮ 13 ቦታ በዜሮ ሞላሁት። ከዚያ በኋላ ነው ድምሩ የሚጀምረው። ሁለቱም ችግር አብሮ ሄደ። የዘጋሁትንም መልእክት መልሼ ከፈትኩት።

ባዶ አድርጎ መጀመር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ቅርጹ አስቀድሞ ከታወቀ ቅርጹን ሠርቶ መጀመርም አለ።

ፈረስ_መጋላ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:20

የ13ቱ ነገር በጣም ደስ አለኝ። የሳምንቱን ቀናትም እንዲሁ አድርጉት፤ ግራፍ የሚሥል አፕ ሰባት ነጥብ ነው የሚጠብቀው።

ታይዋን_ተራ | ረቡዕ፣ ቀን 6:15

አርፍጄ ገባሁ። ፒኤችፒስታን የምትጠቀሙ የላችሁም? ኮዱን ሳያስኬድ አንብቦ የሚመረምር መሣሪያ ነው፣ ነፃ ነው። ደረጃ 1 ላይ «ይህ ቫሪያብል ላይኖር ይችላል» ብሎ ይነግራችኋል። የደቻቱ_ማዶን ሉፕ ብትሰጡት የማተሚያው መስመር ላይ ይይዘዋል። መስመር የሌለው ትእዛዝ መጀመሪያ ላይ ቢመጣ $ዕቃዎች አይኖርምና።

ሸዋ_በር | ረቡዕ፣ ቀን 6:40

መሣሪያውን እወደዋለሁ፣ ሁላችሁም ጫኑት። ግን ከላይ የተነሳውን አስታውሱ። መሣሪያው ሲጮኽ ሰው በችኮላ የመጀመሪያ ሥራው ምንድነው? ከፋይሉ አናት ላይ ባዶ አሬይ መጻፍ። መሣሪያው ዝም ይላል። ሚስማሩ ግን አሁንም ሐረር ይሄዳል። «አለ ወይ» የሚለውን እንጂ «የማን ነው» የሚለውን አያውቅልንም።

ለገሀር_77 | ረቡዕ፣ ቀን 7:30

ለዚህ ነው የውስጡን ሥራ ወደ ፋንክሽን የማወጣው። የትእዛዝ_ዕቃዎች የሚል ፋንክሽን ይኑር። ትእዛዙን ይቀበላል፣ ውስጡ ባዶ አሬይ ይጀምራል፣ ሞልቶ ይመልሳል። ፋንክሽኑ ሲያልቅ የውስጥ ቫሪያብሎቹ አብረው ያልቃሉ። 16ኛው ትእዛዝ የ15ኛውን ማየት ቢፈልግ እንኳ መንገድ የለውም። አንድ ሰው በኋላ ያቺን መስመር በስህተት ከሉፑ ውጭ የሚያወጣበት አጋጣሚም የለም።

አንድ የሚጠነቀቁት ቦታ ብቻ አለ። ስታቲክ ያላችሁት ቫሪያብል ፋንክሽኑ ቢያልቅም አይጠፋም። ሳይዘጋ ለሰዓታት ከሚሠራ ፕሮሰስ ጋር የምትሠሩ ደግሞ፣ ክላስ ውስጥ ያለ አሬይም ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ይሻገራል። እዚያ ሥራው በጀመረ ቁጥር ባዶ ማድረግ አለባችሁ።

ደቻቱ_ማዶ | ሐሙስ፣ ማታ 2:10

የደረስኩበትን ላሳውቃችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ጋሼ እንዳሉት ወደ ፋንክሽን አወጣሁት። ፒኤችፒስታንንም ጫንኩ። በቀረው ኮድ ውስጥ ያልተጀመሩ አሬዮች ሰባት ቦታ አገኘሁ። አምስቱ ምንም አልጎዱም። አንዱ የፈረስ_መጋላን ዓይነት ነው፤ ትእዛዝ ያልነበረ ቀን ሪፖርቱ ዋርኒንግ ያወጣ ነበር። አስተካከልኩት።

ሰባተኛው ላይ ልሳሳት ነበር። የቀኑ ጠቅላላ ድምር ነው፤ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ፌሮ እንደሚጫን ለመጋዘኑ የሚነግረው። በልማድ $ጠቅላላ = []; የሚለውን ከሉፑ ውስጥ ጻፍኩት። ስሞክረው የወጣው የመጨረሻው ደንበኛ ብቻ ነው። የሸዋ_በር ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ ይሄ የማን ነው? የአንድ ትእዛዝ ሳይሆን የቀኑ። ከሉፑ በላይ አወጣሁት። ያቺው መስመር አንድ ቦታ ሲያስፈልግ ውስጥ፣ ሌላ ቦታ ሲያስፈልግ ውጭ።

ለፈተና የምጠቀምበትንም ቀየርኩ። ድሮ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር የማትመው። አሁን አምስት መስመር ያለው ትእዛዝ ይቀድማል፣ ሁለት መስመር ያለው ይከተላል፣ ምንም መስመር የሌለው መጨረሻ ይመጣል፤ ሦስቱም በአንድ ህትመት።

ለመደብሩ ባለቤትም የሆነውን በግልጽ ነገርኳቸው። ስለ ኮድ ባያውቁም ያልተራገፈ ኢሱዙ ስላቸው ወዲያው ገባቸው።

አዲስ_ተማሪ_ድሬ | ሐሙስ፣ ማታ 2:35

የሦስቱን ትእዛዝ ፈተና የኔ ፕሮጀክት ላይ ሞከርኩት። መስመር የሌለው ላይ ወደቀ። ኢምፕሎድ (ዝርዝርን አንድ ጽሑፍ አድርጎ የሚያጣምረው ፋንክሽን) ነው ስህተት የወረወረው፣ አሬይ ሲጠብቅ ነል ደረሰው። የስሞቹ አሬይ ኢፉ ውስጥ ነበር የተጀመረው። ከኢፉ በላይ አውጥቼ ደግሜ አስኬድኩት፣ አሁን ሦስቱም ያልፋሉ። ነገ ለጓደኞቼ ላብ ላይ አሳያቸዋለሁ።

ሸዋ_በር | ሐሙስ፣ ማታ 2:41

ጎበዝ! ስታሳያቸው የማይገባቸው ካለ ኮዱን እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።